ኤክሴልና አክሰስ መነጋገር ሲያቆሙ ከየት እንጀምር?

ሥራዬ እዚህ ባሕር ዳር የዓሣ መረጃ መመዝገብ ነው። ጠዋት ከጣና የወጣው ዓሣ ይመዘናል። ቀረሶ ስንት ኪሎ፣ አምባዛ ስንት ኪሎ፣ ነጭ ዓሣ ስንት ኪሎ፣ ከየት መጣ፣ በስንት ብር ተረከብን። ይህ ሁሉ አክሰስ በሚባለው የመረጃ ማከማቻ (ዳታቤዝ) ፕሮግራም ላይ ይገባል። ወር ሲሞላ ኤክሴል ላይ ያለው የሪፖርት ቅጽ አክሰስን ይጠራና ቁጥሮቹን ይቀበላል። እኛ አንድ ቁልፍ ብቻ እንጫናለን።

ቁልፉ ተጭኖ ምንም ሳይመጣ ሲቀር ግን ጭንቅ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሌሊቱን ውሃ ላይ አድሮ ሒሳቡን እየጠበቀ ነው። «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ» ብሎ መመለስ ያሳፍራል።

ባለፈው ክረምት ከጎርጎራ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ኦፊሱን በሙሉ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?»

«ቆይ እስቲ። አክሰሱ ተከፍቷል?»

«አልተከፈተም። ኤክሴሉ ራሱ ይከፍተው የለ እንዴ?»

«ድሮ ይከፍተው ነበር። አሁን አንተ ቀድመህ ክፈተው።»

ከፈተው። ቁጥሮቹ መጡለት። ሙሉ ቀን ሊበላው የነበረ ሥራ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለተቸገሩ ሁሉ ነው። ኦፊስን አጥፍቶ መጫን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ብልሽቱ ትንሽ ነው። ቦታውን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ማንን፣ ስለ ምን፣ ምኑን

ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት የቆየ መንገድ ዲዲኢ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከዊንዶውስ 2.0 ጋር የመጣ ነው። አርጅቷል፤ ግን እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ቢሮዎች አሉ። የእኛም ቅጽ በእሱ ነው የተሠራው።

በዲዲኢ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል። ጠሪው ሦስት ነገር መናገር አለበት። ማንን ነው የምጠራው? ስለ ምን ጉዳይ? ከጉዳዩ ውስጥስ ምኑን ነው የምፈልገው? ዓሣ መረከቢያ ሄዳችሁ መዝገብ እንደ መጠየቅ ቁጠሩት። መጀመሪያ የመጋዘኑን ሰው ትጠራላችሁ። ቀጥሎ የትኛውን መዝገብ እንደምትፈልጉ ትነግሩታላችሁ። ከዚያ የትኛውን መስመር እንደሚያነብላችሁ ትጠቁማላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ መልስ የለም።

ኤክሴል ማክሮ ውስጥ፣ ማለትም ቁልፉ ሲጫን ኤክሴል በተራ በሚፈጽመው የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ፣ የዲዲኢ ትእዛዞቹ አምስት ናቸው። ዲዲኢ ኢኒሺዬት የመነጋገሪያ መስመር ይከፍትና የመስመሩን ቁጥር ይሰጣችኋል። ዲዲኢ ሪኩዌስት መረጃ ይጠይቃል። ዲዲኢ ፖክ መረጃ ይልካል። ዲዲኢ ኤክሲኩት ያዛል። ዲዲኢ ተርሚኔት መስመሩን ይዘጋል። ማክሮው ውስጥ ስታገኟቸው ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው እንደ አንድ ቃል ተጽፈዋል።

ደረጃ 1፦ ማክሮውን ከመንካታችሁ በፊት

እነዚህን አራት ነገሮች እዩ። በእኔ ልምድ ከጥሪዎቹ አብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል።

አክሰስ መከፈቱን አረጋግጡ። ትክክለኛው ዳታቤዝ መከፈቱንም ጭምር። የቅርብ ጊዜዎቹ ኤክሴሎች ለደኅንነት ሲባል በዲዲኢ ሌላ ፕሮግራም ራሳቸው እንዲያስነሱ አይፈቅዱም። ይህን የሚፈቅድ ምርጫ ትረስት ሴንተር ውስጥ፣ ኤክስተርናል ኮንቴንት በሚለው ሥር አለ። «አይመከርም» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮት ተጽፏል። እኔም አልመክርም። በዚህ በር ብዙ ቫይረስ ገብቷል። አክሰስን በእጅ መክፈት አምስት ሰከንድ ነው።

ሁለተኛው፣ ኤክሴል ላይ አንድ ሴል ውስጥ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ይሆን? ሴል ውስጥ እየጻፋችሁ ሳለ ኤክሴል ከውጭ ለሚመጣ ጥሪ መልስ አይሰጥም። ኤስኬፕ ተጫኑና እንደገና ሞክሩ። አክሰስም እንዲሁ ነው። የሆነ የጥያቄ ሳጥን ከፍቶ «እሺ» እስክትሉት እየጠበቀ ከሆነ አይሰማም። ሳጥኑ ከሌላ መስኮት ኋላ ተደብቆ ሊሆን ይችላልና ከታች ባለው ታስክባር ፈልጉት።

ሦስተኛው ሰው ብዙ የማያስበው ነው። ከሁለቱ አንዱን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ከፍታችኋል? እንደዚያ ከሆነ ዊንዶውስ በመካከላቸው አጥር ያደርጋል። ዝቅተኛ ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ለከፍተኛው መልእክት እንዳይልክ ይከለክለዋል። ሁለቱንም ዝጉና ሁለቱንም በተራው መንገድ ክፈቱ።

አራተኛው፣ የተንጠለጠለ ሌላ ፕሮግራም አለ ወይ? ይህን ለማወቅ እኔ ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል። የዲዲኢ ጥሪ ለአክሰስ ብቻ በጆሮው የሚነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ለተከፈተው መስኮት ሁሉ «ይህ ስም ያለው አለ?» ተብሎ ይጮሃል። ከመስኮቶቹ አንዱ ከደረቀ ጥሪው እሱ ጋ ደርሶ ይቆማል። ደርቆ የቀረ የፕሪንተር ፕሮግራም እንኳ ኤክሴልና አክሰስን ሊያለያይ ይችላል። ታስክ ማናጀር ክፈቱና «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚለውን ፈልጋችሁ ዝጉት።

ደረጃ 2፦ ሁለት ምልክቶች

ኤክሴል ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ግቡ። ወደ ታች ውረዱና ጄነራል የሚለውን አግኙ። እዚያ ዲዲኢ የሚጠቀሙ ሌሎች ፕሮግራሞችን ችላ በል የሚል ምርጫ አለ። ምልክት ካለበት አንሱት። ምልክቱ ካለ ሌላም ነገር ያሳብቃል። ፋይል ሁለቴ ክሊክ ስታደርጉ ኤክሴል ባዶውን ይከፈታል፤ ወይም ትእዛዙን ለፕሮግራሙ መላክ አልተቻለም ይላል። ይህን ካያችሁ ወደዚሁ ምርጫ ኑ።

አክሰስ ላይ ደግሞ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ክላየንት ሴቲንግስ ብላችሁ እታች ያለውን አድቫንስድ ተመልከቱ። የዲዲኢ ጥያቄዎችን ችላ በል የሚለው ምልክት የሌለበት መሆን አለበት። እግረ መንገዳችሁን የመጠበቂያ ጊዜውን እዩ። ሲመጣ 30 ሰከንድ ነው። የዓመቱን ሁሉ የሚደምር ከባድ ኩዌሪ (ከአክሰስ መረጃ መርጦ የሚያወጣ ጥያቄ) ካላችሁና ኮምፒውተሩ የደከመ ከሆነ ወደ 60 ወይም 90 ከፍ አድርጉት።

ደረጃ 3፦ ከሲስተም ጀምሩ

አሁንም እምቢ ካለ ትልቁን ማክሮ ተዉት። አዲስ ባዶ ማክሮ ክፈቱና ትንሽ ሙከራ ጻፉ። የምትጠሩት ስም ኤምኤስ አክሰስ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ያለ ክፍተት ተጣብቀው ይጻፋሉ። ጉዳዩ ሲስተም ይሁን። የምትጠይቁት ደግሞ ቶፒክስ። ይህ ለአክሰስ «ስለ ምን ስለ ምን ልታናግረኝ ትችላለህ?» እንደ ማለት ነው። የተከፈቱትን ጉዳዮች ዝርዝር ይመልሳል።

መስመሩ ካልተከፈተ ችግሩ «ማንን» የሚለው ላይ ነው። ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ዝርዝሩ ከመጣ ግን ተመስገን በሉ። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። የተሳሳተው ጉዳዩ ወይም የምትጠይቁት ነገር ነው።

ጉዳዩን ስትጽፉ የዳታቤዙ ስም ይቀድማል። ከዚያ የእንግሊዝኛው ድርብ ነጠላ ሰረዝ፣ ማለትም ነጥብ ከላይ ኮማ ከታች ያለው ምልክት ይከተላል። ቀጥሎ ቴብል ወይም ኩዌሪ የሚለው ቃል፣ በመጨረሻም ስሙ። ፋይሉን ከዲ ወደ ሲ ድራይቭ አዛውራችኋል? የዳታቤዙን ስም ቀይራችኋል? ሰው ፋይሉን «የ2017 አዲሱ» ብሎ ሰይሞ ማክሮው ውስጥ ግን የድሮውን ስም ይተወዋል። የኩዌሪው ትእዛዝ ራሱ ማክሮው ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ከ255 ፊደል በላይ ሲረዝም ይቆረጣል ወይም አይገባም። እንዲህ ያለውን አክሰስ ውስጥ ኩዌሪ አድርጋችሁ አስቀምጡና በስሙ ብቻ ጥሩት።

መስመሩ ተከፍቶ መልሱ «ኤረር 2023» ከሆነ የሳታችሁት ሦስተኛው፣ «ምኑን» የሚለው ነው። ኦል ብላችሁ ስትጠይቁ የዓምዶቹን ስም ጨምሮ ሁሉን ይሰጣል። ዳታ ስትሉ ያለ ስም ረድፎቹን ብቻ። ፊልድኔምስ ስትሉ ስሞቹን ብቻ። እኔ ሁልጊዜ በፊልድኔምስ ነው የምፈትነው። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይመጣል፣ የዓምድ ስም ተቀይሮ ከሆነም ወዲያው ይታያል።

ጥሪው በተቃራኒው ከአክሰስ ወደ ኤክሴል ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ሴሉን በለመድነው መንገድ «ሲ 2» ብላችሁ አትጥሩት። ኤክሴል በዲዲኢ የሚቀበለው ረድፍንና ዓምድን በቁጥር ነው። ሲ 2 ማለት ረድፍ 2፣ ዓምድ 3 ነው። በእንግሊዝኛው ረድፍን የሚወክለው አር ከነቁጥሩ፣ ቀጥሎ ዓምድን የሚወክለው ሲ ከነቁጥሩ ይጻፋል።

ወደ አክሰስ ሰንጠረዥ መረጃ ለመጨመር ፖክ ላይ አትመኩ። አክሰስ ውስጥ ማክሮ ሠርታችሁ ስሙን በካሬ ቅንፍ አድርጋችሁ በኤክሲኩት አስነሱት።

መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቀር

ማክሮው መሃል ላይ ከተቋረጠ ተርሚኔት የሚለው ትእዛዝ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። የተከፈተው መስመር እንደተከፈተ ይንጠለጠላል። ደጋግማችሁ ስትሞክሩ መስመሮቹ ይከማቻሉ። ከዚያ ጠዋት የሠራው ከሰዓት አይሠራም። ስለዚህ ማክሮው ስሕተት ሲያጋጥመው መጀመሪያ ወደ ተርሚኔት ዘሎ እንዲሄድ አድርጋችሁ ጻፉት። ለተከማቹት መፍትሔው ሁለቱንም ፕሮግራሞች መዝጋትና መክፈት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ዳታቤዙ አጠገብ በተመሳሳይ ስም የተቀመጠች ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ልትቀር ትችላለች። አክሰስን ማንም አለመክፈቱን አረጋግጡና አጥፏት። ከዚያ ዳታቤዙን በኮምፓክት ኤንድ ሪፔር አሳልፉት። ከዚያ በፊት ግን ቅጂ ያዙ።

ፊደላችን ጥያቄ ምልክት ሲሆን

ቁጥሮቹ በትክክል መጥተው የዓሣው ስም ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካገኛችሁ ፎንት በመቀየር አትድከሙ። ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ዲዲኢ ጽሑፍን የሚያስተላልፈው በድሮው ጠባብ የፊደል ሰሌዳ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥ አጭር ዝርዝር ነው። እነዚያ ሰሌዳዎች ሲዘጋጁ ለግዕዝ ፊደል የተሠራ አልነበረም። የእኛ ፊደል ዊንዶውስ ላይ የሚኖረው የዓለምን ፊደላት በሚይዘው ሰፊ ሰሌዳ፣ በዩኒኮድ ብቻ ነው። ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የድሮ ሰዎች «እኛ ጋ በፊት ይሠራ ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ውስጡ የላቲን ኮድ ነበር፤ መልኩ ብቻ ነው የእኛ። ስለዚህ በጠባቡ መንገድ ያልፍ ነበር። ዛሬ በዩኒኮድ ስንጽፍ አያልፍም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዲዲኢ ቁጥር ብቻ አሳልፉ። ቀረሶ 1፣ አምባዛ 2፣ ነጭ ዓሣ 3 ይሁን። ስሙን ኤክሴል ላይ በተቀመጠ ትንሽ ሰንጠረዥ፣ ቁጥሩን ፈልጎ ስሙን በሚያመጣው በቪሉክአፕ መልሱት።

ይህ ሌላም በሽታ ያድናል። አንዱ ጸሐፊ ሐምሌ ይላል፣ ሌላው ሀምሌ፣ ሦስተኛው ኀምሌ። ለእኛ አንድ ወር ነው። ኤክሴል ግን ሦስት ቦታ ይከፋፍለዋል። ባሕር ዳርና ባህር ዳር፣ ዓሣና አሳም እንደዚያው። ለወሩም ለወደቡም ኮድ ስጡ። ፊደሉ ላይ መከራከር አያስፈልግም።

ቀኑ፦ ድምፅ የሌለው ስሕተት

እስካሁን ያየናቸው ስሕተቶች ራሳቸው ይጮሃሉ። የቀኑ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያበላሸው። እባካችሁ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ተስተካክሏል እንበል። መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን። መዝጋቢያችን የካቲት 5 ቀን 2016 ለማለት 5/6/2016 ብላ አስገባች። ኤክሴል ቅር አይለውም። እንደ ፈረንጅ ሜይ 6 ቀን 2016 አድርጎ ይይዘዋል። የካቲት 25ን 25/6/2016 ብላ ስትጽፍ ደግሞ 25ኛ ወር ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ውጤቱን አስቡት። ከወሩ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ተገልብጠው ወደማይሆን ወር ይሄዳሉ። ከ13 እስከ 30 ያሉት ቀን መሆናቸው ይቀራል። ኩዌሪው ሁለቱንም አያገኛቸውም። ስሕተት የሚል ቃል የትም አይታይም። ድምሩ ብቻ ያንሳል።

ጳጉሜን ላይ የባሰ ነው። ጳጉሜን 3 ተብሎ 3/13/2015 ሲጻፍ ኤክሴል ማርች 13 ያደርገዋል። እኔ አንድ ዓመት የጳጉሜን ዓሣ ከሪፖርቴ ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ኩዌሪውን ስፈትሽ ከርሜያለሁ። ኩዌሪው ምንም አልሆነም ነበር።

ለማወቅ ዓምዱን አሰልፋችሁ እዩት። ማስተካከያ ካልነካችሁ ቀን የሆነው ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግራና ቀኝ የተቀላቀለ ካያችሁ በሽታው ይህ ነው።

አያያዙም እንዲህ ይሁን። የኢትዮጵያን ቀን በሦስት ዓምድ፣ በተራ ቁጥር ያዙት። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ወሩ ከ1 እስከ 13 ብቻ እንዲቀበል አድርጉ። የፈረንጁን ቀን በአራተኛ ዓምድ፣ እውነተኛ የቀን ዓይነት አድርጋችሁ አስቀምጡ። የወር ሪፖርቱ በኢትዮጵያ ወር ቁጥር ይውጣ። መቀየሪያ ከሠራችሁ በመስከረም 1 ፈትኑት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ ከሱ በፊት ያለፈው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሁለቱን በትክክል ካወጣ ደኅና ነው።

ኩዌሪ ውስጥ በሃሽ ምልክት መካከል የሚጻፍ ቀን ኮምፒውተራችሁ በምንም ይስተካከል፣ አክሰስ ወር ቀድሞ ነው የሚያነበው። ሰዓትም አለ። ዓሣው ጠዋት 1 ሰዓት ገባ ተብሎ 1:00 ከተጻፈ ለኤክሴል ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስድስት መደመር እንዳትረሱ።

ወደ አዲሱ መንገድ መሻገር

አዲስ ቅጽ የምትሠሩ ከሆነ ዲዲኢን ተዉት። ኤክሴል ላይ ዳታ፣ ጌት ዳታ፣ ፍሮም ዳታቤዝ ብላችሁ አክሰሱን ምረጡ። ይህ ፓወር ኩዌሪ ነው። ከኤክሴል 2016 ጀምሮ አብሮ አለ። የግዕዝ ፊደል ሳይጎዳ ያልፋል። አክሰስን መክፈትም አያስፈልግም።

ግን የራሱ እንቅፋት አለው። አክሰስ ውስጥ የሚሠራ ኩዌሪ በዚህ በኩል ሲጠራ ሊከሽፍ ይችላል። ኩዌሪው ራሳችሁ የጻፋችሁትን ፈንክሽን የሚጠቀም ከሆነ «የማይታወቅ ፈንክሽን» ይላል። በዲዲኢ ጊዜ አክሰስ ራሱ ተከፍቶ ስለሚመልስ ይሠራ ነበር። ወሩን በሳጥን የሚጠይቅ ኩዌሪም አይሆንም፤ የሚጠይቀው ሰው የለምና። በኮከብ ምልክት የሚፈልግ ኩዌሪ ደግሞ ያለ አንዳች ስሕተት ባዶ ይመልሳል። በዚህ መንገድ የኮከቡን ሥራ የሚሠራው የፐርሰንት ምልክት ነው።

ኦዲቢሲ በሚባለው ሌላ የመገናኛ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ 32 ቢትና 64 ቢት መግጠማቸውን እዩ። ኤክሴላችሁ የትኛው እንደሆነ ፋይል፣ አካውንት፣ አባውት ኤክሴል ላይ ተጽፏል። የኦዲቢሲ ማስተካከያው በሁለት ፎልደር፣ በአንድ ስም ተቀምጧል። ስሙ ያሳስታል። ሲስተም 32 በተባለው ፎልደር ያለው 64 ቢቱ ነው። 32 ቢቱ ያለው ሲስዋው 64 በተባለው ውስጥ ነው። በአንዱ የሠራችሁት ግንኙነት ለሌላው ላይታይ ይችላል።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ አንድ ሴል ለማነጻጸሪያ ተዉ። አክሰስ ራሱ ያወጣው የወሩ ጠቅላላ ኪሎ እዚያ ይግባ፣ አጠገቡ ኤክሴል የደመረው። ልዩነታቸው ዜሮ ካልሆነ ሴሉ ቀይ ይሁን። ከወረቀቱ የሚዛን መዝገብም የሦስት ቀን ድምር መርጣችሁ አስተያዩ፤ አንዱ ቀን ከ12 በፊት፣ አንዱ ከ12 በኋላ፣ አንዱ ከወሩ መጨረሻ። እኛ ጋ ሴሉ ቀይ ከሆነ ወይም አንዱ ቀን ካልገጠመ ሪፖርቱ አይፈረምም።